ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሰማይ ያስተማሩት ቦናያ ሂርቦ

አባታችን ቦናያ ሂርቦ ከአባታቸው ከሂርቦ ዱባ እና ከእናታቸው ከዳኪ ጋዮ እ.ኤ.አ. በ1938 ገደማ ሶሎሎ ተወለዱ። የተወለዱት በበጋ ስለ ነበር ቦናያ ተባሉ። ቀኑን በወረቀት የመዘገበ ባይኖርም ጨረቃዋ ከየትኛው ኮከብ ጎን እንደ ነበረች አያታቸው ለይተው ተናግረዋል።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። ከአባታቸው ሥር ቁጭ ብለው ስድስት ዓመት ከዋክብትን ተማሩና አያንቱ፣ ማለትም ቀንና ወር ቆጣሪ፣ ሆኑ። ለልጅ ስም የሚወጣበትን፣ ሠርግ የሚደገስበትን ቀን አገሩ ሁሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር። በ1961 ከወይዘሮ ታላሶ ጅርሞ ጋር ጎጆ ወጥተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ትዳራቸው ጭቅጭቅም ሳቅም ያልጎደለው ነበር።

በ2007 ጉድጓድ ወርደው ለከብት ውሃ ሲያወጡ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ ቆመው አልሄዱም። ይህን የምትጽፈው ታላቅ ልጃቸው ድራሙ ኢሲዮሎ ከተማ ወስዳ ቤቷ አስቀመጠቻቸው። የግቢው አጥር ረጅም ነው፤ ለሌባ ተብሎም ፓውዛ ሲበራ ያድራል። አባታችን ሰባት ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ሲያዩ ኖሩ።

«ድራሙ፣ ማታ አውጪኝ፤ መብራቱንም አጥፊው» ይሏት ነበር።

«ሌባ ቢገባስ አባ? ነገ እናያለን» ትላቸው ነበር። ያ ነገ አልመጣም።

የሚያንገበግባቸው የራሳቸው መታሰር ብቻ አልነበረም፤ ቆጠራው አብሯቸው እንዳይቀበር ይፈሩ ነበር። ወንዶች ልጆቻቸው አልተማሩትም። ስለዚህ አራቱን የልጅ ልጆች ሰብስበው አልጋው ላይ ቦሎቄ እየደረደሩ የከዋክብቱን አቀማመጥ አስጠኗቸው። ልጆቹ ለዕረፍት ሶሎሎ ሄደው ቀና ሲሉ ግን አንዱንም መለየት አቃታቸው። ቁልቁል ያጠኑት ሰማይ ሽቅብ ሲያዩት ግራው ቀኝ ሆኖባቸዋል። አባታችን ይህን ሲሰሙ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።

በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሳቸውን በጋለ ሚስማር በከዋክብቱ አቀማመጥ ልክ በሳሱት። ልጆቹ ከአምፖሉ በታች ወጥረው አሰሩትና ከሥሩ በጀርባቸው ተኙ።

«አባ፣ ብርድ ልብሱን ምን አደረጉት? ገና አዲስ እኮ ነው» አለች ድራሙ።

«አንቺ ሰማዬን ከልክለሽኝ የለም እንዴ? ብርድ ልብስሽን ብበሳው ምን አለበት?» አሏት። ልጆቹ ሳቁ፤ እሷ ግን ተቆጥታ ወጣች።

አባታችን በሳንባ ምች ሁለት ወር ታመው ኤፕሪል 30 ቀን 2014 ከሰዓት በኋላ አረፉ። ሲመሽ ድራሙ ፓውዛውን አጠፋችው። የአሥራ አንድ ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሎኮ ለቀስተኛው መሀል ቆማ ወደ ምዕራብ አየች፤ ቀጭኗ ጨረቃ ቡሳን ከሚባሉት የተጠጋጉ ከዋክብት ጎን ወጥታለች።

«የጫምሳ ወር ገባ» አለች። ከሶሎሎ የመጡት ሽማግሌዎች በጣታቸው ቆጥረው ልክ ናት አሉ።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዋቃ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ አፈሩም ይቅለላቸው። ልጃቸውን ድራሙንም ይቅር ይበሏት። የመብራቱ ማጥፊያ ከአልጋቸው ሦስት እርምጃ ላይ ነበር።