የእማዬ ትራስና የላቬንደር ዘይት

እሁድ፣ ግንቦት 17፤ አማን ከተማ

ደክሞኛል። እማዬ እንቅልፍ ካጣች ሦስት ሳምንት ሆናት፤ እሷ ካልተኛች እኔም አልተኛም። እህቴ ከአዲስ አበባ የላቬንደር ዘይት ልካ፣ «ፈረንጆች ከጥንት ጀምሮ እንቅልፍ ሲያጡ የሚያሸቱት እሱን ነው። ትራሷ ላይ ሁለት ጠብታ፣ በቃ» ብላኝ ነበር። እማዬ ሽቶ እንደማትወድ ስለማውቅ ሳልነግራት አደረግሁት። ትናንት ደግሞ እኔው ብልጥ፣ ነጠላዋ ላይም ጨመርኩበት።

ዛሬ ጠዋት ያንኑ ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከዝናቡ በኋላ የወጣው ፀሐይ አናት ይበሳ ነበር። ከንፈሯ አብጦ፣ ራሷን ይዛ በባጃጅ ተመለሰች።

«ምች ነው! ሽቶ ቀብተሽ ፀሐይ ላይ ሰደድሽኝ» አለች። ለካ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለች።

ምች በሽቶ አይመጣም ብላት አትሰማኝም። የማስተምረው ባዮሎጂ እዚህ ቤት አይሠራም። ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ጓሮ ዳማከሴ ቀጥፌ መጣሁ፤ ቅጠሉን በመዳፌ አሽቼ ግንባሯን ቀባኋት። እጄን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና በረጅሙ ሳበች።

«መድኃኒት እንዲህ ነው» አለች። ከዚያ መዳፌን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኛች።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ አሁንም ተኝታለች። እህቴ ማታ ደውላ ዘይቱ ሠራ ወይ ትለኛለች። ቀኝ እጄን ማውጣት ስለፈራሁ ይህን የምጽፈው በግራዬ ነው።