ስለ ጭንቅላትህ የጻፍኩልህ ልክ አልነበረም

ለውድ ወንድሜ ለዓለምብርሃን
ፍኖተ ሰላም

ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከደጃፍህ ጀምሮ እስከ ስፌት መኪናህ ድረስ ይግባልኝ። እንዴት ከርመሃል? አዝመራው እንዴት ሆነላችሁ? የእማዬ ጉልበትስ ብርዱን ቻለው? መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ትወስዳለህ? ሕመሙ ይመላለስብሃል ወይስ ፋታ ሰጥቶሃል? እኔ በአምላክ ቸርነት ሰውነቴ ደህና ነው። ልቤ ላይ ግን ለአንተ የምናዘዘው ነገር ስላለ፣ ከክረምት ጀምሮ ብዕር እያነሳሁ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት የላክሁልህን ደብዳቤ አትረሳውም። ጥናቴ ታትሞልኝ እግሬ መሬት አልነካ ብሎኝ ነበር። ሥራዬ እንደምታውቀው የሰውን አንጎል ሳይቆርጡና ሳይወጉ በኤም አር አይ ማሽን እያነሱ ማጥናት ነው። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ከጤነኞች ጋር አነጻጽሬ፣ በታመሙት አንጎል ውስጥ ለመማርና ለማስታወስ የሚያገለግሉት ክፍሎች የሚገናኙበት መንገድ ላልቷል ብዬ ጻፍኩ። ለአንተም «ትምህርት የከበደህ በስንፍና እንዳልሆነ ደረስኩበት» አልኩህ። ላጽናናህ ብዬ ነበር።

ባለፈው ግንቦት ለአዲስ ጥናት ሰው ስንጠራ አቶ ገብረሕይወት መጡ። እዚሁ አትላንታ ዳር ቻምብሊ የሚኖሩ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ አትክልት የሚደረድሩ ያገራችን ሰው ናቸው፤ እንደ አንተው ከልጅነታቸው ጀምሮ ይጥላቸዋል። በመጀመሪያው ጥናቴም ላይ ነበሩበት። ከማሽኑ ወጥተው ውሃ ከጠጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። «ያኔም ዛሬም ሳልንቀሳቀስ ተኛሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ያ ማሽን መጮህ ሲጀምር ሊጥለኝ ነው እያልኩ እፈራለሁ፤ አንገቴ ይንቀጠቀጣል። እንዳታባርሪኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«አይዞዎት» ብዬ ሸኘኋቸው። እኔን ግን አይዞሽ የሚለኝ አልነበረም። በሙያችን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መነጋገሪያ የሆነ ነገር አለ፤ ጭንቅላት ከጤፍ ፍሬ ባነሰ መጠን እንኳ ቢነቃነቅ ምስሉ ያታልላል፤ ያልላላውን ላልቷል ያሰኛል። ይህንን አንብቤ «የእኔን ሥራ አይመለከትም» ብዬ አልፌው ነበር። አሁን የድሮውን ምስል ሁሉ አውጥቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ ለካሁት። የታመሙት ከጤነኞቹ አብልጠው ተነቃንቀዋል፤ ፈርተው ነዋ! የተነቃነቀውን እየለየሁ ሳስወጣው ያ የኮራሁበት ልዩነት እንደ ጉም በነነ። ለካ ያነሳሁት ፍርሃታቸውን ኖሯል።

ጊዜው ክፉ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ስለ ቋሚ ሹመቴ ሊወስን አራት ወር ቀርቶታል፤ ፋይሌም የቆመው በዚያ ጥናት ላይ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እስኪጸድቅልሽ ዝም በይ፤ ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ ጋሼ፣ ዝም ልል ነበር። አስር ቀን ዝም አልኩ።

በአስራ አንደኛው ቀን ሚስትህ መነን ደወለች። ስለ እማዬ ስታጫውተኝ ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የማታ ትምህርትህን እንደተውክ ነገረችኝ። ከስምንተኛ ክፍል! «ለምን?» ብላት፣ «‹እህቴ በማሽን አይታ ደርሳበታለች፤ የኔ ጭንቅላት ለትምህርት አልተፈጠረም› ይላል። ደብዳቤሽን አጣጥፎ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል» አለችኝ። መኪናዬን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፓርክ አድርጌ ነበር የማናግራት። ስልኩን ዘግቼ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ስድስተኛ ክፍል ሳለህ ትምህርት መሃል ጥሎህ፣ ዳይሬክተሩ «ልጆቹን ያስደነግጥብኛል» ብሎ ደብተርህን አስይዞ የሰደደህ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። መጀመሪያ እሱ አስወጣህ፣ ቀጥሎ እኔ። ፊደል በአንተ ጣት የቆጠርኩት እኔ!

በማግስቱ ለመጽሔቱ ጽፌ ጥናቴ እንዲሰረዝ አደረግሁ። ለፕሮፌሰሬ ስነግራቸው «ይጎዳሻል» አሉኝ፤ ከዚያ ከወንበራቸው ተነስተው እጄን ጨበጡኝ። ጎዳኝም። ሹመቱ አልጸደቀም። የሁለት ዓመት ኮንትራት ሰጥተውኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ያውቃል። ጥናቱን ግን እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ። አሁን ማንም ምስል ከመነሳቱ በፊት በማይሠራ ማሽን ውስጥ ተኝቶ የተቀዳ ድምፁን እየሰማ ይለማመዳል። አቶ ገብረሕይወት በልምምዱ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ሲያንኮራፉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ምን እንደማገኝ ገና አላውቅም፤ አለማወቄን መናገር ግን ተምሬያለሁ።

ጋሼ፣ ሕመምህ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳታስታጉል። ስለ አእምሮህ ያልኩህን ግን ሠርዘው፤ ያንን ደብዳቤም ቅደደው። አንተን በዚያ ማሽን አስተኝቼ አይቼህ አላውቅም። እኔ የማውቅህ ክፍልፋይ በጠጠር ስታስረዳኝ፣ የሰው ሱሪ በዓይንህ ለክተህ ስትቆርጥ ነው። ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሂድና ተመዝገብ፤ በእናታችን ይዤሃለሁ። ከተቀየምከኝም ተቀየመኝ፤ ብቻ መጀመሪያ ተመዝገብ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ስለ ሹመቱ ግን አትንገራት፣ እህል አይበላላትም። መነንን ያን ቀን መደወሏን መቼም አልረሳላትም በልልኝ። ትንሹን ልጅህን ነቢዩን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። ልጅህን ሄርሜላን ዘጠነኛ ክፍል በመግባቷ እንኳን ደስ አለሽ በላት፤ በአንድ ክፍል ብትቀድምህም፣ የሒሳብ የቤት ሥራህን እንዳትሠራልህ አክስትሽ ከልክላለች በላት።

ታናሽ እህትህ የምሥራች
አትላንታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.