ከመሬት በታች የሚሄደውን እሳት የተከተሉት ዶክተር ሄርሊና ዴሄን

ዶክተር ሄርሊና ዴሄን ከአባታቸው ከአቶ ዴሄን ራንግካፕና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሩሚያቲ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በማዕከላዊ ካሊማንታን በካፑአስ ወንዝ ዳር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1976 ተወለዱ። አባታቸው የጎማ ዛፍ እየበጡ ፈሳሹን በመሸጥ፣ እናታቸው ሩዝ እየዘሩ አሳደጓቸው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በወንዙ ዳር ጨርሰው ፓላንግካራያ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያው ሰሞን መንግሥት ረግረጉን ለሩዝ ይሆናል ብሎ በቦይ ሸነሸነው። ሩዙ አልበቀለም። ውሃው ግን በቦዩ ፈሶ አለቀ፤ ፒት የሚባለው ጥቁሩ የረግረግ አፈር ደረቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ተቀጣጠለና ፀሐይን ለወራት ነሳን። ዶክተር ሄርሊና የዕድሜ ልክ ሥራቸውን የመረጡት ያኔ ነው።

በ2004 መምህር ቴኦፊሉስ ባታን አግብተው ዲአን የተባለች ልጅ ወለዱ። በ2006 በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው ተመለሱ። ሥራቸው የቦዩ ውሃ ሲጎድል አፈሩ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚነድ፣ ስንት ካርቦንም ወደ ሰማይ እንደሚወጣ በኮምፒውተር ሞዴል ማስላት ነበር።

በ2015 ትልቁ እሳት መጣ። የተነሳው አንድ የዘንባባ ዘይት ኩባንያ ካደረቀው መሬት ነው። በሥር በሥሩ ሄዶ በታላቅ ወንድማቸው በአቶ ሲላስ የጎማ እርሻ ላይ ብቅ አለ። ሳተላይት የሚያየው ሙቀቱ ብቅ ያለበትን ብቻ ነውና፣ ዶክተር ሄርሊና ከሳተላይቱ መረጃ በሠሩት የእሳት ካርታ ላይ ቀይዋ ነጥብ የወደቀችው በገዛ ወንድማቸው መሬት ሆነ። ፖሊስ ያንኑ ካርታ ይዞ መጣ።

«ዘንድሮ እሳት ለኩሰሃል?» ብለው አቶ ሲላስን ጠየቋቸው።

«እንዴታ! የሩዝ ማሳዬን ለኩሻለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ውሃ ይዞ ዙሪያውን ቆሞ ነበር። ማሳ ያለዚያ እንዴት ይዘራል?»

የእኛ ሰው ማሳውን ሲያቃጥል ጎረቤት ጠርቶ ነው፤ ስለዚህም ሲጠየቅ አይደብቅም። የሩዝ ማሳው ከተቃጠለው የጎማ እርሻ ርቆ ከወንዙ ማዶ እንደሆነ ግን የሰማቸው አልነበረም። የኩባንያው ባለሙያም መሰከረባቸው፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል። ዶክተር ሄርሊና ችሎት ቀርበው ካርታው እሳቱ ብቅ ያለበትን እንጂ የተነሳበትን እንደማያሳይ አስረዱ።

ዳኛው «ካርታውን የሠሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አሏቸው። «ታዲያ እርስዎ የገዛ ካርታዎን ካላመኑ እኛ ማንን እንመን?»

አቶ ሲላስ ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር ሄርሊና እረፍት አላወቁም። በየበጋው የሚጤስ መሬት ላይ እየተንበረከኩ የአፈሩን ጥልቀትና የቦዩን ውሃ ለኩ፤ በመጨረሻም እሳት ከመሬት በታች ከየት ተነሥቶ የት እንደሚወጣ የሚያሳይ ሞዴል ሠሩ። ውጭ አገር ተሸለሙበት። የጢሱን ክብደት ሊጠይቋቸው ባለሙያዎች ከየአህጉሩ መጡ፤ ስለ ሲላስ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ሁለት ጊዜ አመለከቱ፤ ሁለቱም ጊዜ ተመለሰባቸው።

አቶ ሲላስ ከእስር ከወጡ በኋላ «አንቺ ልጅ፣ እኔስ ታስሬ ወጣሁ። አንቺ መቼ ነው የምትወጪው?» ይሏቸው ነበር።

የዶክተር ሄርሊና ሳንባ ሲታመም ሐኪሙ ሲጋራ ያጤሱ እንደሆነ ጠየቃቸው። «እኔ አላጤስም፤ አገሩ ነው የሚያጤሰው» አሉት። ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2023 በአርባ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ወንድማቸውንና ይህን የጻፍኩትን ታናሽ እህታቸውን ያንቲን ትተውን ሄደዋል። አንጀታችን እርር ብሏል።

በራችን ላይ፣ በአገራችን ልማድ ለሐዘንተኛ ቤት የሚላክ የአበባ ሰሌዳ በግንባሩ ተደፍቶ አይታችኋል። «ለሳይንስ ታላቅ ጉዳት» ይላል፤ የላከው ያ የዘንባባ ዘይት ኩባንያ ነው። የደፉት አቶ ሲላስ ናቸው። ማንም እንዳያነሳው ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።

ፍርድ በማይጣመምበት ስፍራ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። በዚህኛው ስፍራ የአቶ ሲላስ ፍርድ እስከ ዛሬ አልተሰረዘም።