ከበረንዳው የተጣለ ቅርፊት

ዋይቶካ፣ ሐሙስ ጃንዋሪ 22

ለአባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህን ተሻለህ? ስደውል አታነሳም፣ የስልክ መልእክት አትመልስም፤ ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ። ብትቀደው እንኳ መጀመሪያ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ታያለህ።

ቱሪ ተገኘ። ማክሰኞ ጠዋት ከሰሜኑ ቋጥኝ ሥር፣ አንተ ሁልጊዜ ሎብስተር ፍለጋ ከምትጠልቅበት ብዙም ሳይርቅ ነው ያገኙት። አስከሬኑ አሁን በመንደሩ መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ ነው። እናቱ፣ አክስቴ እያልኩ ያደግሁት ፓሬ፣ ከአጠገቡ አልተነሳችም። ቅዳሜ ይቀበራል፤ እሑድ ጎሕ ሲቀድ የመንደሩ ሽማግሌ ኮሮ ታማቲ ባሕሩ ዳር ጸሎት አድርገው ባሕሩ ላይ የጣሉትን እገዳ፣ ራሁዩን፣ ያነሳሉ።

ለምን እንደምጽፍልህ ታውቃለህ። ግን አንተ ሁሉንም ነገር “ትንሽ ነገር ነው” ማለት ስለምትወድ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የቱሪ ጀልባ የተገለበጠች ዕለት መንደሩ ሁሉ በረንዳችን ላይ ነበር። ከእኛ ቤት ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ስለሚታይ፣ በአንተ የሩቅ ማያ መነጽር እየተፈራረቁ ሲፈልጉት ዋሉ። አንተ ሻይ ታፈላላቸው ነበር። ያን ቀን ኮርቼብህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኮሮ ታማቲ ከመካከላችን ቆመው ራሁዩን አወጁ፤ ቱሪ እስኪገኝና እስኪቀበር ድረስ ከዚህ ባሕር ማንም ምንም አያወጣም፣ ማንም ምንም አይበላም፤ ልጃችን እዚያ ውስጥ ነው አሉ። አንተም ራስህን ነቀነቅህ። “በዚህም ቤት በኩል ቃላችን ነው” አልክ። እኔም ያልከውን በቋንቋቸው ደገምኩላቸው። ቃሉ የእኔም ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ልደቴ ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ ሎብስተር ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ አንድም ዓመት አላስቀረህብኝም።

“ይኼ ከየት መጣ?” አልኩህ።

“ከከተማ ገዛሁት። በረዶ ቤት የከረመ ነው፤ ቅቤ አብዝቼበታለሁ።”

“እውነትህን ነው?”

“ሕግ የተማረ ልጅ ያለው ሰው በገዛ ጠረጴዛው ላይ ይመረመራል እንዴ? ብይ ባክሽ!”

በላሁ፣ አባዬ። እግሩን ሳይቀር እየሰበርኩ መጠጥኩት። ጣቴን ላስኩ። “በረዶ ቤት የከረመ አይመስልም” ብዬ አመሰገንኩህ፤ አንተም ሳቅህ። ከራት በኋላ ቅርፊቱን እንደ ልማዳችን ከበረንዳው ቁልቁል ለባሕር ወፎቹ ወረወርከው። ያስያዘህም እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለፈላጊዎቹ ዳቦ ይዘን ወረድን። ወፎቹ ቅርፊቱን ጀልባ ማውረጃው ላይ በትነውት ነበር፤ ደማቅ ቀይ፣ ከድስት የወጣ ቅርፊት። ሰዎቹ ከበው ያዩታል። ከዚያ አንድ በአንድ ቀና ብለው ወደ ቤታችን ተመለከቱ። እኔም ተመለከትኩ። የመጥለቂያ ልብስህ በአንተ መኝታ ክፍል በኩል በረንዳው ላይ ተሰቅሎ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ከውስጥ ሆኜ አላየሁትም ነበር፤ ከታች ግን ከየትም ይታያል። ዕድሜዬን በሙሉ እኛ ከኮረብታው ላይ ሆነን እነሱን የምናይ ይመስለኝ ነበር። እነሱም እኛን ሲያዩን ኖረዋል።

“ስቱዋርት፣” አሉ ኮሮ ታማቲ። “ማነው የጠለቀው?”

ጆሮህ ቀላ። ልትዋሽ ስትል ጆሮህ እንደሚቀላ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እጅህን ትከሻዬ ላይ አደረግህ።

“ፒፓ ናት። ልደቷ ነበር፤ የእኔን ልብስ ለብሳ ገባች። ልጅ አይደለች፣ ምን ታውቃለች?”

“ምን ታውቃለች?” አለች ካሁ። የቱሪ እህት፣ አብራኝ ያደገችው ካሁ። “በእኛ ቋንቋ ቃል የገባችልን እሷ አልነበረችም? አንቺ፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ወንድሜ ካለበት ባሕር አውጥቶ መብላት ነው? ጣፈጠሽ?”

ምን ልበላት? ጣፍጦኝ ነበር።

ልጇ ከባሕር እስኪወጣላት የምትጠብቅ እናት ፊት፣ አባትና ልጅ “አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ” ሊባባሉ ነው? አክስቴ ፓሬ መጣች። የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ሰላምታቸው ግንባሯንና አፍንጫዋን ግንባሬና አፍንጫዬ ላይ አሳረፈች። “ሳታውቂ ነው፣ ልጄ። ሳታውቂ ነው” አለችኝ። አባዬ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያላጠፋሁትን ይቅር አለችኝ፤ ሆዴ ውስጥ ያለውን ግን አላወቀችም።

አንተ ምሳ ሳይደርስ መኪናህን አስነስተህ ወደ ኦክላንድ ሄድክ። “ሥራ አለብኝ” አልከኝ። በጃንዋሪ፣ በበጋው ዕረፍትህ መሐል! አብሬህ እንድሄድ በሩን ከፍተህ ጠበቅኸኝ፤ ያልመጣሁት አኩርፌ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። እኔም ከሄድኩ ውሸትህ እውነት ሆኖ ይቀራል።

አሁን የምነግርህ ያናድድህ ይሆናል። ቤቱን ከፈትኩት። ለለቅሶው ከሲድኒ ድረስ ሰው መጥቷል፤ መሰብሰቢያው ቤት ሞልቶ ሰው መኪና ውስጥ ሲያድር፣ የእኛ አልጋዎች አንሶላ ለብሰው ባዶ ተቀምጠው ነበር። አላስፈቀድኩህም። ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ነው። በአንተ አልጋ ላይ የቱሪ አያት ተኝተዋል። በመጀመሪያው ጠዋት መስኮቱን ከፍተው ቁልቁል አዩና፣ “ኧረ እናንተ! ከዚህ ሆናችሁ የጓዳ ልብሳችንን ሁሉ ስትቆጥሩ ኖራችኋላ!” ብለው ሳቁብኝ። ሳቄ መጣና ወዲያው አፈርኩ። ካሁም ፍራሽ ስታመጣ ገብታ ነበር። “ፎጣ የት ነው?” ብቻ አለችኝ። የት እንደሆነ ከእኔ እኩል ታውቃለች።

እውነቱን ለማንም አልተናገርኩም። አንተን ለመሸፈን ብዬ እንዳይመስልህ። እኔ ብናገረው አባቷን ያጋለጠች ልጅ እባላለሁ፣ አንተም የተጋለጠ ሰው ትሆናለህ። አንተ ከተናገርከው ግን አባቴ ነህ። ስለዚህ አቆየሁልህ። የማቆይልህ እስከ እሑድ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ካሁ ናት። ነገ ዘመዶቿን ከአውሮፕላን ማረፊያ ልትቀበል ወደ ኦክላንድ ትወርዳለች። ውስጡ ምን እንዳለ አልነገርኳትም።

“ለዚያ ሰውዬ ነው?” አለችኝ።

“ለእሱ ነው።”

“መኪናው ውስጥ ቦታ አለ። መምጣት ካማረው ግን ከኋላ ለለቅሶው ከሚጫነው ድንች ጋር ነው የሚቀመጠው።”

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ያህል አናግራኝ አታውቅም።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሁላችንም ባሕሩ ዳር እንቆማለን። ኮሮ ታማቲ ከጸሎቱ በፊት የሚናገር ሰው ካለ ይጠይቃሉ። እኔ ከአክስቴ ፓሬ ፊት ለፊት እቆማለሁ፤ በቀኜ በኩል የአንተን ቦታ እተውልሃለሁ። ከመጣህ አብሬህ እቆማለሁ፤ እጅህንም እይዝልሃለሁ። ካልመጣህ ብቻዬን እናገራለሁ፦ አንተ እንደጠለቅህ፣ እኔም እንደበላሁ፣ ጣፍጦኝ እንደነበረም ጭምር። ካሁ ጠይቃኝ ነበር፤ መልስ ይገባታል።

እግዚአብሔር ልብህን ያደፋፍርልህ፣ መንገድህንም ያቅናልህ። ወፍራሙን ሹራብህን ያዝ፤ ዳርቻው በማለዳ ይበርዳል፣ ጉልበትህም ብርድ አይወድም።

ልጅህ ፒፓ

ማስታወሻ፦ የመጥለቂያ ልብስህ እዚያው በረንዳው ላይ ነው። ደርቋል። ከመንደሩ ሲያዩት ነፋሱ እጅጌውን እያወዛወዘ ሰው የሚጠራ ያስመስለዋል። እኔ አላወርደውም።