በአሳይታ ቦኖ ላይ ስለሚበራው አረንጓዴ መብራት

ለተከበሩ የ«ጥሩ ጠብታ» የውኃ ፕሮጀክት አስተባባሪ
ሰመራ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በቢሮዎ የሚጠጡት ውኃ ንጹሕ መሆኑን አሳይታ ሆነን በየቀኑ ስናይ ስለከረምን፣ ለጤናዎ እንኳ እምብዛም አልሰጋሁም።

እንዴት እንደምናይ ላስረዳ። በርካሽ ያስመጡልን የውኃ መመርመሪያ በቦኖው ታንከር ውስጥ ተነክሮ፣ ውኃው ሲበከል በቦኖው ራስ ላይ ቀይ፣ ሲጠራ አረንጓዴ መብራት ያበራ ነበር። ስለዚህ አንደኛው ምስጋናዬ፣ አዋሽ ሞልቶ በደፈረሰ ጊዜ ቀይ እያበራ በእንግዶችዎ ፊት ያሳፈረዎትን ይህን ባለጌ መሣሪያ «ተበላሽቷል» ብለው ነቅለው ስለወሰዱልን ነው።

ሁለተኛ፣ መብራቱን ስለተዉልን አመሰግናለሁ። መሣሪያው ያየውን ለመብራቱ የሚነግረው በስልክ ኔትወርክ ስለሆነ፣ እሱ ሰመራ በቢሮዎ የተጣራ ውኃ በርሜል ውስጥ ተቀምጦ የእኛ ቦኖ አረንጓዴ ሲያበራ ከረመ። ለአቤቱታ መጥቼ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጸሐፊዎም እዚያ ከገባ ወዲህ ደኅና እየሠራ መሆኑን በደስታ ነግረውኛል።

ሦስተኛውን በምስጋና መጻፍ አቃተኝ። ጎረቤቴ ዊዳድ ከወሎ መጥታ ሻይ ቤት የከፈተች ሴት ናት። መብራቱ ቀይ በሆነ ቀን ውኃ ሳታፈላ ለልጇ ለሙኒያ አትሰጥም ነበር፤ አረንጓዴ ሲሆን ግን መብራቱን አምና እንደተቀዳ ሰጠቻት። ሙኒያ ተቅማጥና ትውከት ይዟት ሐኪም ቤት ሳትደርስ አረፈች። እናትየው ዛሬም ጀሪካኑን በአሸዋ ትፈትጋለች፤ ልጇን የገደለው የእሷ ንጽሕና ጉድለት ይመስላታልና።

የምለምነው ትንሽ ነው። መሣሪያውን ወደ ታንከራችን ይመልሱ፤ ከዚያም ዊዳድ ደጅ መጥተው ጥፋቱ የጀሪካኑ እንዳልሆነ በራስዎ አንደበት ይንገሯት። እኔ ልነግራት እችል ነበር፤ ነገር ግን ይህ ሸክም የእርስዎ ነውና አልሸከምልዎትም። እስከዚያው መብራቱን በጆንያ ሸፍኜዋለሁ፤ ሰው ልከው ቢያስገልጡት መልሼ እሸፍነዋለሁ።

የበርሜልዎ ውኃ ሳይደፈርስ ዕድሜዎ እንዲረዝም የሚመኝልዎ፣
ኃይለ ልዑል
ከአሳይታ

ማስታወሻ፦ ከመሣሪያዎ የረከሰ መመርመሪያ አግኝቻለሁ። እርስዎ ለሙኒያ ለቅሶ በመጡ ዕለት ዊዳድ በሐዘኗ መካከል ተነሥታ ከዚያው ቦኖ የተቀዳ ውኃ በብርጭቆ አቀረበችልዎ። በውጭ አረንጓዴው በርቶ ነበር፤ እርስዎ ግን ከንፈርዎን ሳያስነኩት ተነሥተው ሄዱ።