አጎታችን የለመነኝ ክፍተት

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህን ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፣ እኔን ከማኩረፏ በቀር። ምክንያቱን ከእሷ ሳትሰማ ከእኔ ስማው።

አባዬ በሞተ በወሩ አጎታችን “ሴት ልጅና የብየዳ ማሽን ምን አገናኛቸው” ብሎ ወርክሾፑን እንደቀማኝ ታውቃለህ። ከዚያ የአባዬን የመጨረሻ ማሽን ፈታትቶ፣ የትራንስፎርመሩን ብረት ለክቶ፣ የሽቦውን ዙር ቆጥሮ ቁርጥ እሱን የሚመስሉ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ብቻ አባዬን ላሻሽል አለ። ሁለቱ የሽቦ ጥቅሎች ተራርቀው መቀመጣቸው ዝርክርክነት መሰለውና አንዱን በሌላው ላይ ጥብቅ አድርጎ ጠመጠመው። በመሃላቸው የነበረውንም ብረት ምን ይሠራል ብሎ ጣለው።

አንተ ሙያው ውስጥ ስለሌለህ ላስረዳህ። ለሌላ ትራንስፎርመር መጠጋጋቱ ደግ ነው። የብየዳው ግን ከመግነጢሱ ጥቂቱ በመሃል እንዲሾልክ ይፈልጋል፤ ልጓሙ እሱ ነው። ያለዚያ ኤሌክትሮዱ፣ ማለት የብየዳው ዘንግ፣ ብረት በነካ ቁጥር ኃይሉ ያለ ልክ ይለቀቃል። የአጎታችን ማሽን የሰዉን የመስኮት ላሜራ ወንፊት አደረገው። ደንበኛ ሲጮህበት መሃሉ ላይ ወፍራም ብረት ወተፈበት፤ አሁን ደግሞ መግነጢሱ ከልክ በላይ ሾለከና ኃይሉ ደክሞ ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ አልነሳ አለ። እኔ ፊት ለፊቱ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ሆኜ ሳቅሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የተመለሱበትን ማሽኖች ተቀብዬ አስተካከልኩ፣ በላያቸው ላይ የጻፈውንም ስሙን እየፋቅሁ አስረከብኩ።

ባለፈው ሳምንት ራሱ መጣ። በመሃለኛው ብረትና በዙሪያው ባለው ብረት መካከል ስንት ክፍተት እንደሚተው ንገሪኝ ብሎ ለመነኝ። የሚሾልከውን መጠን የሚወስነው ያ ክፍተት ነው። እማዬ የአባትሽ ደም ነው፣ ንገሪው አለች። “መጀመሪያ የወርክሾፑን ቁልፍ አምጣ” አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ትናንት ቁልፉን በእማዬ እጅ ላከው። ተቀበልኩት። ክፍተቱን ግን አልነገርኩትም፤ ምን በወጣኝ! እማዬ ያኮረፈችው ለዚህ ነው። ቃልሽን አጠፍሽ ትለኛለች። ልክ ናት፣ ግን እርሙን ያውጣ። ደውሎ አማልደኝ ቢልህ እንዳትሰማው።

ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም ጉንጫቸውን። ጎረቤታችን ቀለም ቀቢው ሰላም ብሎሃል። እማዬ በናፍቆት ትስምሃለች፤ አጎትህም ሰላም ብሎሃል በይው ብላኛለች። የጻፍኩት ለእሷ ብዬ ነው።

እህትህ
ከአባዬ ወርክሾፕ፣ ሰኞ ጥር 12