የጾም እንቁላል

መጋቢት 6

ማለዳ እግሬን በለብታ ውኃ አጥቤ ጎመን ስቀነጥስ ነበር። ኮቴ ሰማሁ። ቀና ስል ግቢው በሰው ተሞልቷል። ፊት የቀደሙት የንስሐ አባቴ መምሬ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ማንም ደህና አደርሽ አላለኝም። ያኔ አወቅሁ።

ልጄ ክንዴ የለም። ፓርኩን ከሚጠብቅበት ከጨነቅ ሲወርድ የተሳፈረበት መኪና ጉም ውስጥ ተገለበጠ አሉኝ።

ጎመኑን ማን እንዳነሳው አላውቅም።

መጋቢት 9

ጣቴ ይደነዝዛል። የስኳር በሽታዬ ነው። ቀስ ብዬ ልጻፍ...

ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ለለቅሶ የመጣው ምግብ ቤቱን ሞልቶታል። ንፍሮ፣ እንጀራ በሽሮ፣ ድንች። ክንዴ ቢኖር፣ “ይኼ ሁሉ ስኳር ነው፣ እምዬ” ይለኝ ነበር። የማይጣፍጥ ነገር እንዴት ስኳር ይሆናል ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅሁት? የጤና ጣቢያዋ ነርስ የነገረችውን ይዞ እንጀራዬን ሩብ አደረጋት። በቃ ጎመን፣ እንቁላል፣ ሥጋ ሲገኝ ሥጋ።

ሌላው ልጅ እናቱን በማብላት ይጦራል፣ የኔው በመንሳት... ለጎረቤቴ ለአመተ ማርያም እንዲህ እያልሁ አማሁት። ሰምቶኝ ይሆን?

መጋቢት 10

ያቀረቡልኝን ሁሉ በላሁ። ለማን ብዬ ልጠንቀቅ?

መጋቢት 17

እግሬ ቆስሏል። ልጄ ሕሊና ደባርቅ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ስኳሬን ለካች። እንዲህ ከቀጠልሁ እግሬን እንደማጣ ነገረችኝ።

ቤት ከገባን በኋላ ሕሊና ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ “ወንድሜን ቀበርሁ። አንቺንም ልቅበር?” አለችኝ።



መጋቢት 19

የእንቁላሉን ነገር ልጻፈው። ማንም አያውቅም።

ሁዳዴ ሲገባ ክንዴ ጨነቀው። እንጀራ ቀንሼ፣ ሥጋና ወተት ትቼ ምን ልብላ? “መምሬ ፈቅደውልሻል” አለኝ። ወደ ፓርኩ ጥበቃ ከመውጣቱ በፊት የዶሮዎቹን እንቁላል ቀቅሎ ሸፍኖልኝ ይሄዳል። እኔ ደግሞ... በዚህ ዕድሜዬ ሁዳዴን ልሽር? ሰው ምን ይለኛል? እንቁላሉን ልጬ ለውሻው እሰጣለሁ። ቅርፊቱን ክንዴ እንዲያየው ምድጃው ዳር እተወዋለሁ።

ሲመለስ ቅርፊቱን ያይና ፊቱ ይፈታል። አንድ ቀን ውሻውን እየደባበሰ፣ “አንቺ ስትከሺ ይኼ ምነው ወዛ፣ እምዬ?” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አውቆ ነበር? እያወቀ ነው የሚቀቅልልኝ?

መጋቢት 23

መምሬ ሊያጽናኑኝ መጡ። ስለ እንቁላሉ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መቋሚያቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ።

ክንዴ እንዳይነግሩኝ ለምኗቸው ኖሯል። ፈቃዱን ሊጠይቅ የሄደ ዕለት፣ እናትህ በሽተኛ ናት፣ ትብላ፣ ዕዳ የለባትም ብለውት ነበር። እሱ ግን እኔን ያውቀኛል። “እሷ ልቧ አያርፍም። የእሷን ጾም በኔ ላይ ደርቤ እጾምላታለሁ” አላቸው። ከዚያ ወዲህ ውኃ ሳይቀምስ እስከ ማታ ይውል ነበር አሉኝ።

“ያን አቀበት ሲወጣም?”

“ሲወጣም።”

እኔም ጾምሁ፣ እሱም ለኔ ጾመ። የበላው ውሻው ብቻ። ልጄን በከንቱ አስራብሁት...

“ጾሙ ከንቱ ሆነ፣ አባቴ?” አልኋቸው።

ለመሄድ ተነሥተው ነበር። በሩ ላይ ቆሙ።

“ሁዳዴ ገና አልወጣም፣ ፋንታዬ።”

መጋቢት 24

የክንዴ ጾም ከንቱ እንዳይቀር ሁለት እንቁላል ቀቀልሁ። በቀትር፣ ደጄ ላይ፣ ሰው እያየኝ ተቀመጥሁ። ውሻው እንደ ልማዱ መጥቶ ፊቴ ተጎለተ። ዛሬስ የለህም አልሁት።

የመጀመሪያውን በእንባ ዋጥሁት።

አመተ ማርያም ልትጠይቀኝ መጣች። አይታ ክው አለች። “በሁዳዴ?”

“ልጄ ጾሞልኛል” አልኋት።

ሁሉንም ነገርኋት። አጠገቤ ተቀምጣ ሁለተኛውን ላጠችልኝ።

ሚያዝያ 2

ቁስሉ መድረቅ ጀምሯል። ሕሊና በየማለዳው እግሬን ታያለች። እንጀራዬን ራሴ ሩብ አደርጋታለሁ፤ የሚቆጣኝ የለም። ምነው በቆመ ጊዜ አንዴ እንኳ ፊቱ በበላሁለት።

ተዝካሩ ደርሷል። ፋሲካም ደርሷል። ዘንድሮ በፋሲካ ሌሊት እሱን ቀስቅሼ የማስፈስከው የለም።

ይህን ከኔ በኋላ የምታገኙት፣ ሕሊናም ብትሆኚ ሌላም ሰው፣ የልጄ የዓለም ስሙ ክንዴ ነው። በጸሎት ስታነሱት ግን ሃብተ ጊዮርጊስ በሉት። አንድ አባታችን ሆይ ይበቃኛል። የሁለት ሰው ጾም ጾሞ፣ ሳይፈስክ የሄደ ልጅ ነው። እዚያ ማዕድ ይቅረብለት በሉልኝ።